ሁለት ቦታ ተዘግቶ የሚወጣ አንድ ድምፅ፦ «ግቡድዌ» እንዴት ይጠራል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጅማ የምማር የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ዶርም የሚጋራኝ ልጅ ከደቡብ ሱዳን፣ ከያምቢዮ ነው፤ ብሔሩ ዛንዴ ነው። ስለ ድሮ ንጉሣቸው ስለ ግቡድዌ ሲያወራ ስሙን አብሬው ለመጥራት እሞክራለሁ። «ግቡድዌ» ስል ይስቃል። «ግ»ን ትቼ «ቡድዌ» ስልም አይሆንም ይለኛል። «ሁለቱ በአንዴ ነው የሚወጡት» ነው የሚለው። እውነት አፍ ሁለት ድምፅ በአንዴ ማውጣት ይችላል? ከኦሮምኛው ዸ ወይስ ከእኛው ቋ ጋር ነው የሚመሳሰለው? ከዚህ የባሰ ብርቅ ድምፅስ አለ? በአማርኛ ስጽፈውስ እንዴት ልጻፈው?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ትክክል ነው። የሚወጣው ድምፅ አንድ ነው፤ አፍ የሚዘጋበት ቦታ ግን ሁለት ነው። የምላስህ ጀርባ ግ ስትል እንደሚያደርገው ወደ ኋለኛው ላንቃ ወጥቶ ይለጠፋል። በዚያው ቅጽበት ከንፈሮችህ ብ ስትል እንደሚሆኑት ግጥም ይላሉ። ሁለቱም እንደተዘጉ የድምፅ አውታሮችህ ይርገበገባሉ። ከዚያ ሁለቱም ይከፈቱና አናባቢው ይቀጥላል። አውታሮቹ ካልተርገበገቡ ደግሞ የክ እና የፕ ጥንድ ይሆናል። ከዚህ በኋላ «ግብ» እና «ክፕ» ብዬ በጥቅስ ምልክት ስጽፍ ሁለቱን ፊደል እንደ አንድ ድምፅ ቁጠርልኝ።

ስለ ንጉሡም አንድ ነገር ልበል፤ ስሙ የሚገባው ሰው ነውና። ግቡድዌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የኖረ የአዛንዴ ንጉሥ ነው። ያምቢዮ ተብሎም ይጠራል። የጓደኛህ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። በ1905 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በዘመተበት ጊዜ ተገደለ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዛንዴ ቋንቋ ንጉሥ ወይም አለቃ ማለትም «ግቢያ» ነው። እዚያም ላይ ያው ድምፅ አለ።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ድምፅ መጀመሪያ ሲሰማ «እኛ አንችለውም» ይላል። እኔ በፍጹም አልስማማም። አፍህ ይህን አዘጋግ ከልጅነትህ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ለንግግር አልተጠቀምክበትም እንጂ።

ሰው ሲያዝን ወይም ክፉ ነገር ሲወራ ከንፈር እንመጥጣለን አይደል? አሁን ቀስ ብለህ አድርገው። በምላስ ጫፍና በጥርስ የሚደረገውን ሳይሆን፣ በሁለቱ ከንፈር የሚደረገውን። ከንፈሮችህን ግጠም። ልትመጥጥ ስትል ቁም። ምላስህ የት ነው ያለው? ጀርባው ከኋላ ላንቃው ላይ ተጣብቋል። ካልተጣበቀ ያቺ አጭር ድምፅ አትወጣም። በከንፈርና በምላስ ጀርባ መሃል ትንሽ አየር ታስራለህ። ምላስህን ሸርተት ስታደርግ የታሰረው አየር ይሳሳል። ከንፈርህ ሲከፈት የውጭው አየር ዘሎ ይገባል፤ የምንሰማው ድምፅ እሱ ነው።

የሥነ ድምፅ ሰዎች ይህን ክሊክ ይሉታል። እኛ ለሐዘኔታ ብቻ እናውለዋለን። በቦትስዋና የሚነገረው የታአ ቋንቋ ግን ይህንኑ የከንፈር ክሊክ በቃላት ውስጥ እንደ ማንኛውም ተናባቢ ይጠቀምበታል።

የዛንዴው «ግብ» የሚዘጋው እነዚሁ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ለየት የሚያደርገው የአየሩ ምንጭ ነው። ክሊክ ስታደርግ አየሩን የምታንቀሳቅሰው በምላስህ ነው። «ግብ» ስትል ግን እንደ ተራው ንግግር ከሳንባህ የሚመጣው አየር ይሠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት ስለታም አይደለም። ፒተር ላደፎግድ የምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎችን ድምፅ በመሣሪያ መርምሮ በ1964 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በብዙዎቹ ቋንቋዎች አፉ ተዘግቶ ሳለ ምላስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ መንጋጋም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከንፈር ሲከፈት አየር ለቅጽበት ወደ ውስጥ ይሳባል። ማለትም በ«ክፕ» እና በ«ግብ» ውስጥ ጥቂት የከንፈር መምጠጥ አለበት። እኔ ለተማሪ ይህን ድምፅ ሳስተምር ከግ እና ከብ የማልጀምረው ለዚህ ነው። ከግ እና ከብ የጀመረ ተማሪ ሁለቱን ማከታተል ይቀናዋል። ከከንፈር መምጠጥ የጀመረ ግን ሁለቱን ቦታ አንድ ላይ ዘግቶ ነው የሚነሳው።

አሁን ወደ ጆሮህ ልምጣ። አንዴ «ግቡድዌ» አንዴ «ቡድዌ» ማለትህ ድንገት አይደለም። ሁለቱ መዘጋቶች ከሞላ ጎደል አንድ ላይ ይሁኑ እንጂ፣ በጥቂት ሚሊሴኮንድ ይቀዳደማሉ። የምላስ ጀርባ ትንሽ ቀድሞ ይዘጋል፣ ትንሽም ቀድሞ ይላቀቃል። ከንፈር በሁለቱም በኩል ወደ ኋላ ይቀራል። ተመራማሪዎች ይህን በኢዌ ቋንቋ ተናጋሪ ላይ በግልጽ አይተውታል፤ ከንፈርና ምላስ ላይ ጥቃቅን ጥቅል ሽቦዎች ለጥፈው እንቅስቃሴውን በመግነጢሳዊ መሣሪያ እየተከታተሉ። ኢዌ የጋናና የቶጎ ቋንቋ ነው።

የዚህ ውጤት ምን መሰለህ? ከድምፁ በፊት አናባቢ ካለ፣ በአናባቢው ጭራ ላይ የምትሰማው የግ ምልክት ነው። ከድምፁ በኋላ በሚመጣው አናባቢ መነሻ ላይ ደግሞ የምትሰማው የብ ምልክት ነው። ቃሉ በዚሁ ድምፅ ከጀመረ ከፊቱ አናባቢ የለም። ስለዚህ የግ ምልክት የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፤ ለጆሮህ ብ ብቻ ይቀራል። «ቡድዌ» ያልከው ለዚህ ነው።

ይህን በአንድ የታወቀ ስም ላይ ላሳይህ። ከ2000 እስከ 2011 የአይቮሪኮስት ፕሬዚዳንት የነበሩት ሎረን ግባግቦ በቤተሰብ ስማቸው ውስጥ «ግብ» ሁለት ጊዜ አለ፤ አንዱ መጀመሪያ ላይ፣ አንዱ መሃል ላይ። በአማርኛ ዜና ግን ብዙ ጊዜ «ባግቦ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። እስቲ እየው። መጀመሪያ ላይ ያለው «ግብ» ለእኛ ብ ሆነ። መሃል ላይ ያለው፣ ከፊቱ አናባቢ ስላለ፣ ግ እና ብ ሆኖ ተሰማ። ያው አንድ ድምፅ ነው፤ ጆሯችን ግን እንደ ቦታው ለያይቶ ሰማው። የድሮግባም ስም የዚያው አገር ነው። ኳስ ቤት ተቀምጠን «ድሮግ-ባ» እያልን ስንጮህ የኖርነው ስም ውስጥ ግ እና ብ አልተከታተሉም፤ ተደርበው ነው ያሉት።

መደረብና መከታተል ሲባል ልዩነቱ ቀላል ሊመስል ይችላል። ቀላል አይደለም። አማርኛ «አግባ» የሚል ቃል አለው፤ ወንድን ሚስት አግባ ስንለው። ቃሉን ቀስ ብለህ በለው። «አግ» ብለህ ትዘጋለህ፣ «ባ» ብለህ ትከፍታለህ። ክፍለ ቃሉ በግ እና በብ መሃል ይቆረጣል። በናይጄሪያው ዮሩባ ደግሞ «አግባ» ሽማግሌ፣ ታላቅ ሰው ማለት ነው። እሱ ሲቆረጥ «አ» እና «ግባ» ነው የሚሆነው። መሃል ላይ የሚለቀቅ ግ የለም። የሁለቱን ቃላት ቅጂ ፕራት በሚባለው ነፃ የድምፅ መመርመሪያ ሶፍትዌር ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ልዩነቱን በዓይንህ ታየዋለህ። በእኛው ቃል ላይ ብዙ ጊዜ ግ ስትላቀቅ የምትተወው ትንሽ ጭረት በጸጥታው መሃል ትታያለች። የዮሩባው ላይ አንድ ጸጥታ፣ አንድ መፈንዳት ብቻ ነው። ርዝመቱም ከአንድ ተራ ተናባቢ ጥቂት ቢበልጥ እንጂ የሁለት ተናባቢ ያህል አይደርስም።

«ታዲያ ሁለት ተናባቢዎች በፍጥነት ቢባሉስ?» የሚል ይኖራል። ለዚህ ጥሩው መልስ ያለው በቋንቋው ሰዋስው ውስጥ ነው። ዮሩባ ከግስ ስም ሲያወጣ የግሱን የመጀመሪያ ተናባቢ ይደግምና «ኢ» ይጨምርበታል። መሄድ «ሎ» ነው፤ አካሄድ ሲሆን «ሊሎ» ይሆናል። መቀበል «ግባ» ነው። ስሙ ምን ይሆናል? ግ እና ብ ሁለት ቢሆኑ ኖሮ የሚደገመው ግ ብቻ ነበር፤ «ጊግባ» እንል ነበር። ዮሩባዎች ግን የሚሉት «ግቢግባ» ነው። ሙሉው ድምፅ ተደገመ። ተናጋሪው በጭንቅላቱ ውስጥ እንደ አንድ ነው የሚቆጥረው ማለት ነው። ለእኔ ከማንኛውም የመሣሪያ መለኪያ በላይ የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

ዮሩባ ሌላም ደስ የሚል ነገር አለው። ተራ ፕ የለውም፤ «ክፕ» ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በላቲን ፊደል ሲጽፉት አንድ የፕ ፊደል ብቻ ይበቃቸዋል። መጻፊያው ፕ ነው፣ ንባቡ «ክፕ» ነው። ለተጎዳ ሰው አይዞህ የሚሉበት ቃል በጽሑፍ «ፔሌ» ይመስላል፤ ሲነገር «ክፔሌ» ነው።

ወደ ቋ እንምጣ። ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ በእርግጥም ዝምድና አለ። ቋ፣ ኳ፣ ጓ ስትል የምላስህ ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ ከንፈርህ ግን ይሞጠሙጣል እንጂ አይዘጋም። አንዱ ዋና ሥራ ነው፣ ሌላው ተጨማሪ። በ«ክፕ» ግን ሁለቱም እኩል ይዘጋሉ። የጥንት ጸሐፊዎቻችን ቋን በአንድ ፊደል መጻፋቸው ድምፁ አንድ መሆኑን በደንብ እንደተረዱ ያሳያል፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እኮራባቸዋለሁ።

ዝምድናው በታሪክም አለ። ኳ ዓይነት ድምፅ በትውልዶች ውስጥ ከንፈሩ እየጠበቀ ሄዶ «ክፕ» ሊሆን ይችላል፤ በአፍሪካ ብዙ ቦታ «ክፕ» የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያም አልፎ የኋላው መዘጋት ጠፍቶ ከንፈሩ ብቻ ሊቀር ይችላል። በላቲን ውሃ «አኳ» ነበር፤ በሮማኒያኛ «አፐ» ሆኗል። በሱሪናም የሚነገረው ሳራማካን ደግሞ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ይዘውት የሄዱትን «ክፕ» ዛሬም ይጠቀማል። አንዳንዱ ቃል ላይ ተናጋሪዎቹ አንዴ «ክፕ» አንዴ ኳ ይላሉ። እንግዲህ ለውጡ በአንድ ሰው አፍ ላይ ሲመላለስ ታየዋለህ።

የኦሮምኛው ዸ ግን ሌላ ነው። ጅማ ስለምትኖር በየቀኑ ትሰማዋለህ፤ «ዹፌ» ሲሉ፣ መጣ ማለት ነው። እዚያ ላይ አፍ ውስጥ የሚዘጋው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የምላስ ጫፍ። ሌላው ሥራ የሚሠራው ታች ማንቁርት ላይ ነው፤ ማንቁርት ዝቅ ይላል። በቁቤ በሁለት ፊደል መጻፉ እንዳያሳስትህ። የፊደል ቁጥርና የመዘጋት ቁጥር አይገናኙም።

የእኛዎቹ ጠ፣ ቀ፣ ጰስ? እነሱም ሁለት ቦታ ይዘጋሉ፤ አንዱ አፍ ውስጥ፣ አንዱ ማንቁርት ላይ። ጰ ስትል ከንፈርህም የድምፅ አውታሮችህም ግጥም ይላሉ። ሥነ ድምፅ እነዚህን ከ«ክፕ» ጋር አይመድባቸውም፤ ማንቁርቱ እዚያ ላይ አየሩን የሚገፋ ሞተር ስለሆነ ነው። አመዳደቡ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ጰን ያለ ችግር የሚል ሰው ሁለት መዘጋቶችን በአንድ ጊዜ ማቀናጀት እንደሚችል በየቀኑ እያረጋገጠ ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጰ ራሱ ጭንቅ ነው።

ድምፁ የት የት አለ ለሚለው፦ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ተነስቶ፣ ናይጄሪያንና ካሜሩንን አቋርጦ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና በሰሜን ኮንጎ በኩል እስከ ደቡብ ሱዳን ምዕራብና እስከ ሰሜን ምዕራብ ዩጋንዳ የተዘረጋ ቀበቶ አለ። ላይቤሪያ ውስጥ ክፔሌ የሚባለው ሕዝብና ዩጋንዳ ውስጥ ሉግባራ የሚባለው ሕዝብ ስማቸው ላይ ድምፁ አለ። ቀበቶው ውስጥ ያሉት ቋንቋዎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች አይደሉም። ጎን ለጎን በመኖር፣ በመጋባት፣ በመነጋገድ ድምፁን ተዋርሰውታል። ቀበቶው ኢትዮጵያ አይደርስም። የጋምቤላ ልጆች፣ ኑዌርም አኙዋም፣ ይህ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ጅማ ላይ ሆኖ የዛንዴ ጓደኛ ማግኘት ቀላል ዕድል አይደለም፤ ተጠቀምበት። ከአፍሪካ ውጭ በፓፑዋ ኒው ጊኒና በቫኑዋቱ አንዳንድ ቋንቋዎች ላይ ይገኛል። ከዓለም ቋንቋዎች ሁሉ ቢቆጠር ድምፁ ያላቸው ከ10 አንድ አይሞሉም።

ብርቅ የሚባለው ግን ገና ነው። «ክፕ» የኋላ ምላስና ከንፈር ነው። የምላስ ጫፍና ከንፈር ቢሆንስ? ት እና ፕ ተደርበው፣ «ትፕ»? ይህን ለብዙ ዓመታት አፍሪካ ውስጥ አለ ሲሉ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ የሚነገሩት ቡራና ማርጊ እንደ «ፕት» እና «ብድ» ያሉ ድምፆች አሏቸው። እነዚህ ቻዳዊ ቋንቋዎች ናቸው፤ ማለት ከአማርኛና ከኦሮምኛ ጋር በአንድ ትልቅ የአፍሮ-እስያ ግንድ ሥር ናቸው። ሲጽፏቸው እንደ አንድ ድርብ ድምፅ ይቆጥሯቸው ነበር። ኢያን ማዲሰን በ1983 የቡራውን በመሣሪያ ሲመረምር ግን ሁለቱ መዘጋቶች ተከታታይ እንጂ ተደራቢ እንዳልሆኑ አሳየ። መጀመሪያ ከንፈር፣ ከዚያ ምላስ። እንደ እኛው «አግባ» ማለት ነው። ይህን ታሪክ የምወደው፣ ጆሮ ብቻውን በዚህ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ስለሚያሳይ ነው። «ሁለት ድምፅ በአንዴ» የሚል ነገር ስትሰማ መቼ ተዘጋ፣ መቼ ተላቀቀ ብለህ ጠይቅ።

ከዚያ በኋላ በመስኩ ላይ አንድ ቋንቋ ብቻውን ቆሟል። የሊ ድኜ ይባላል። የሚነገረው በፓፑዋ ኒው ጊኒ ምሥራቅ ጫፍ፣ በሮሰል ደሴት ላይ ነው። ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺህ ናቸው። በአካባቢው ከሚነገሩት ቋንቋዎች ጋርም አይዛመድም። ይህ ቋንቋ «ክፕ» አለው። ከዚያ ላይ «ትፕ» አለው። ደግሞ የምላስ ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ተስቦ የሚባል ሌላ «ትፕ» አለው። ሦስቱ የቃል ፍቺ ይለያሉ። የአፍንጫ ዘመዶቻቸውም አሉ፤ ን እና ም ተደርበው የሚወጡ። ስቲቨን ሌቪንሰን የሚባለው ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት እዚያ እየተመላለሰ ሲያጠና ቆይቶ የቋንቋውን ሰዋስው በ2022 አሳትሟል። የድምፆቹ ብዛት አናባቢና ተናባቢ ተደምሮ ወደ 90 ይጠጋል። አማርኛ ከሠላሳ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ አስበው።

ለምን «ትፕ» ከ«ክፕ» ይልቅ እንዲህ ብርቅ ሆነ? እኔን የሚያሳምነኝ ምክንያት ቅድም ካልኩህ ከኳ ጋር የተያያዘ ነው። ኳ ዓይነት ድምፅ በዓለም ላይ በብዛት አለ፤ ስለዚህ «ክፕ» የሚወለድበት ምንጭ አይደርቅም። ከንፈር የተሞጠሞጠ ት ግን ጥቂት ቋንቋ ላይ ነው ያለው። ምንጩ ከሌለ ልጁ ከየት ይመጣል?

ምንጩ ባለበት ደግሞ ልጁ ብቅ ሲል ታየ። በካውካሰስ ተነስቶ ወደ ቱርክ የተሰደደው ኡቢክ ከንፈር የሚሞጠሞጥበት ት ነበረው፤ ተናጋሪዎቹ ሲሉት ከንፈራቸው ጨርሶ እየተዘጋ «ትፕ» ይሆን ነበር። የእሱ ዘመድ የሆነው አብካዝም እንዲሁ። ኡቢክ ከ80 በላይ ተናባቢና ሁለት አናባቢ ብቻ የነበረው ቋንቋ ነው። የመጨረሻው ተናጋሪ ቴቭፊክ ኤሴንች በ1992 አረፉ። አሁን የቀረን ከእሳቸው የተቀዳው ድምፅና የተጻፈው ብቻ ነው፤ ያሳዝናል።

ሌሎችም ይነሳሉ። የስዊድንኛው አንድ ሽ መሰል ድምፅ፣ ሽ እና ኸ በአንዴ ናቸው ተብሎ በዓለም አቀፉ የድምፅ ምልክቶች ሰንጠረዥ ላይ የራሱ ምልክት ተሰጥቶታል። ላደፎግድና ማዲሰን ተጠራጥረውታል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በጎረቤታችን በሶማሊኛው ቀ ላይም እንጥል አጠገብ ከሚደረገው መዘጋት ጋር ዝቅ ብሎ ጉሮሮም ይዘጋል የሚል ትንተና ቀርቧል። ይህ ትክክል ከሆነ ብርቁ ነገር ፓፑዋ ድረስ ሳንሄድ ጅጅጋ ላይ አለልን።

አሁን ልምምዱ። መስታወት ወይም የስልክህን ካሜራ ፊትህ አድርግ። «እንግዳ» ልትል ጀምርና እን ላይ ቁም። እዚያ ያለው ን ከግ በፊት ስለመጣ የሚፈጠረው በምላስ ጀርባ ነው፤ ንዝረቱ በአፍንጫህ ይወጣል። ሳታቋርጥ ያዘው። አፍህ ክፍት ነው። አሁን ምላስህን ሳታነቃንቅ ከንፈርህን ግጠም። ድምፁ ይቀጥላል። በአሁኑ ሰዓት ሁለቱም ቦታ ተዘግቷል። ሁለቱንም በአንዴ ለቀህ «ኣ» በል። ይህ የ«ግብ» የአፍንጫ ወንድም ነው፤ ዮሩባም ከ«ግብ» በፊት ን ሲያመጣ ወደዚሁ ይቀይረዋል። ይህን ደጋግመህ ከያዝከው በኋላ አፍንጫህን በጣትህ ቆንጥጠህ ያንኑ አድርግ። አየሩ መውጫ ሲያጣ የሚወጣው «ግባ» ነው። ቀስ በቀስ ጣትህን ትተወዋለህ።

ተማሪ የሚሰናከልበት ቦታ አንድ ነው። አማርኛችን ግ እና ብ ቃል መጀመሪያ ላይ ሲገናኙ መሃላቸው ሳድስ ያስገባል። «ግቢ» ስንል ከግ በኋላ ያለችውን አጭር አናባቢ አስተውላት። የዛንዴውን «ግቢያ» ስትል ያቺ አናባቢ ሾልካ ትገባለች፤ ጓደኛህን የሚያስቀው እሷ ናት። መስታወቱ ያጋልጣታል። ልትናገር ስትል ከንፈርህ ክፍት ከሆነ «ግ»ን ብቻውን እየጀመርክ ነው። ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ከንፈርህ መገጠም አለበት። የምላስ መላቀቅ ከከንፈር ጀርባ ተደብቆ ነው የሚያልቀው፤ ለብቻው ከሰማኸው ተሳስተሃል። ከዚያ በኋላ ዳኛው ጓደኛህ ነው። ስልክህ ላይ እሱንም ራስህንም ቅዳና አከታትለህ አዳምጥ።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ አጻጻፉ። ፊደላችን ለቋ ምልክት አለው፤ ለኦሮምኛው ዸም ተበጅቶለታል። ለ«ግብ» እና ለ«ክፕ» ግን የለውም። አንዳንዱ ለጆሮ ቀለል ይበል ብሎ «ግ»ን ይጥልና «ቡድዌ»፣ «ባግቦ» ይላል። እኔ ይህን አልደግፍም። እነዚህ ቋንቋዎች ተራ ብም አላቸው፤ ብ እና «ግብ» ቃል ይለያሉ። በዮሩባ «ባ» ማግኘት ወይም መድረስ ነው፣ በዚያው ቃና (የድምፅ ከፍታ) «ግባ» ደግሞ መጥረግ ነው፤ መቀበል የሚለው «ግባ» ቃናው ሌላ ነው። «ግ»ን ከጣልክ ሁለቱ ይምታታሉ። ስለዚህ «ግ»ን በሳድስ፣ «ብ»ን በሚፈለገው አናባቢ አድርገህ «ግቡድዌ» ብለህ ጻፍ። ጽሑፉ ለሌላ ሰው የሚሆን ከሆነ፣ ስሙ መጀመሪያ በሚመጣበት ቦታ ላይ «ግ እና ብ አንድ ላይ ይነበባሉ» የምትል አጭር ማስታወሻ በቅንፍ ጨምርበት። የ«ክፕ»ም እንዲሁ ነው፤ «ክፔሌ» ብለህ ትጽፋለህ፣ «ፔሌ» አይደለም።